ሚስማር የማይታይበት ክዳን

ጩኸቱ የጀመረው ክዳኑ በተሠራ በመጀመሪያው በጋ ነው። ቀትር ላይ ፀሐይዋ ስትበረታ የሳቬታ ቤት «ጧ!» ይላል፤ ትንሽ ዝም ይልና እንደገና «ጧ! ጧ!»። ድመቷ አልጋ ስር ትገባለች። ሳቬታ መጀመሪያ ሰው ድንጋይ የሚወረውርባት መስሏት ምንም የማያውቀውን ጎረቤቷን በአጥር ላይ ስትሰድበው ዋለች። ክዳኑ ራሱ እንደሚጮኽ የገባት በሦስተኛው ቀን ነው፤ ጎረቤቷን ግን እስከ ዛሬ ይቅርታ አልጠየቀችውም።

ክዳኑን የሠራላት አበልጇ ዛሃሪያ ነው። ተጠርቶ መጣ፤ በሩ ላይ እንደቆመ አንጋጦ አየና «ብረት አይደል እንዴ አበልጅ፤ ይተነፍሳል። ይለምዳል» ብሏት ሄደ። ሁለት ዓመት ሙሉ ተነፈሰ፤ አልለመደም። በሁለተኛው ፀደይ ደግሞ ከጭስ ማውጫው ስር ውሃ እየሰረገ የመኝታ ቤቷን ኮርኒስ አቆሸሸው። ያኔ ዛሃሪያ ወገቡን አመመው። ከወገቡ ሲድን ጉልበቱ ሆነ። ከዚያ የወይን ለቀማ ደረሰ።

ሌላ ሰው ቢሆን ሳቬታ ምላሷ አጭር አይደለም፤ ደጁ ድረስ ሄዳ ልክ ልኩን ትነግረው ነበር። ዛሃሪያን ግን እንዴት አድርጋ? ከሠላሳ አራት ዓመት በፊት እሷና ባሏ ትራያን ተክሊል ሲደረግላቸው ከጎናቸው ቆሞ ሻማ የያዘው እሱ ነው። አንድ ልጇን ዶሪንን ክርስትና ያነሣውም እሱ ነው። ትራያን ሲሞት ሬሳ ሣጥኑን ከፊት የተሸከመውም እሱ። በዚያ ሸለቆ ሰው ከአበልጁ ጋር ዋጋ አይከራከርም፤ ወረቀት እንፈራረም ያለማ ፊቱ ላይ እንደተፋበት ይቆጠራል። ሌላም ልማድ አላቸው። እናትና ልጅ ስለ ገንዘብ ፊት ለፊት አይነጋገሩም፤ ነውር ነው፤ አበልጅ መሐል ገብቶ አፍ ይሆናቸዋል። መልካም ልማድ ነው ይላሉ። አፉ መልካም ሲሆን፣ አዎ።

ከሦስት ዓመት በፊት የድሮው የሸክላ ክዳን በበረዶ ክብደት ሲሰነጣጠቅ ሳቬታ እንደ ቄሱ ቤት ያለ ክዳን አማራት። ከአናቱ እስከ አሸንዳው ሳይቆረጥ የሚወርድ ቆርቆሮ፣ ጠርዝና ጠርዙ ቀጥ ብሎ ቆሞ ሁለት ጊዜ የሚታጠፍ፣ ሚስማር የሚባል ነገር በዓይን የማይታይበት። አንዴ ከተሠራ ባለቤቱን ቀብሮ ለልጅ ይተርፋል። ዛሃሪያ በእርምጃ ለካና በአገሩ ገንዘብ ሠላሳ ስድስት ሺህ ሌይ አላት። «ለባዳ ቢሆን ሃምሳ እል ነበር» አላት ደግሞ።

ገንዘቡ አልነበራትም። ዶሪን ስፔን ውስጥ ግንበኛ ሆኖ ስለሚሠራ፣ እንደ ልማዱ ገንዘብ እንዲልክላት በዛሃሪያ በኩል ላከችበት። ከሳምንት በኋላ ዛሃሪያ መጥቶ ባርኔጣውን ጠረጴዛዋ ላይ አኖረ፤ ቀና ብሎም አላያት። ዶሪን «ለራሷ ክዳን ራሷ ትጨነቅበት» ብሏል አላት። ሳቬታ የዚያን ቀን ያለቀሰችውን ያህል ለትራያንም አላለቀሰችም። በማግስቱ ተነሥታ ከመንደሩ በላይ ያለውን የጥድ ቦታ ሸጠችው። ትራያን ዶሪን በተወለደበት ፀደይ በእጁ የተከለው ጥድ ነበር፤ ልጁ ሲያድግ ቤቱን እንዲሠራበት። ሸጠችው እኮ! ንዴት የያዘው ሰው ምን ያስባል?

ከዚያ ወዲህ ዶሪን ሲደውል አታነሳም። በፋሲካ ብቻ ታነሳለች፤ እሱ «ክርስቶስ ተነስቷል» ሲል እሷ «በእውነት ተነስቷል» ብላ ትዘጋዋለች። ዛሃሪያ እሁድ እሁድ እየመጣ የአይብ ቂጣዋን ይበላል። እሷ ልጇን ስትረግም አብሯት ራሱን ይነቀንቃል። «ምን ታደርጊዋለሽ አበልጅ፤ ሰው አገር ልብ ያደነድናል። እኔ አለሁልሽ አይደል?» ይላታል። እሷም አለልኝ እያለች ሁለተኛ ቂጣ ትጨምርለታለች።

ዘንድሮ በበጋው መጀመሪያ ሩፒ የሚባል ጋቦር በሯን አንኳኳ። ጋቦሮች የሚባሉት የዚያ አገር ጎሳዎች ከአያት ከቅድመ አያት አሸንዳና ቆርቆሮ ሠሪዎች ናቸው፤ ሰፊ ጥቁር ባርኔጣቸውንና ትልቅ ሪዛቸውን ከሩቅ ያየ ሁሉ ያውቃቸዋል። አሸንዳ የሚጠገን ካለ ብሎ ነው የመጣው። ሳቬታ አሸንዳዬ ደህና ነው ብላ ልትሸኘው ስትል ክዳኑ «ጧ!» አለ። ሩፒ እግሩን ከደጃፉ አላነሳም።

«እትዬ፣ ይኼ ምንድን ነው?» አላት።

«ይተነፍሳል ተብያለሁ።»

«ይኼማ መተንፈስ አይደለም። ይኼ ታንቆ መጮኽ ነው።»

መሰላል አቀረበችለት። ባርኔጣህን አታወልቅም እንዴ፣ ነፋስ ይወስድብሃል ብትለው፣ ባርኔጣዬን ካወለቅኩ ላይ ያለው ጌታ ማን እንደወጣ አያውቅም አላትና ወጣ። ክዳኑ ላይ ብዙ ቆየ። ሲወርድ ግን ቀልዱ ሁሉ ከፊቱ ጠፍቶ ነበር። ግቢው ውስጥ ካለው ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጦ ከከረጢቱ ሁለት ቁራጭ ቆርቆሮ አወጣ፣ ጠርዛቸውን በጉጠት አቆመ፣ በመሐላቸው ጣት የማታክል መያዣ አስገባና ሁለት ጊዜ አጠፋቸው። የዚህ ክዳን ዋጋ ያለው የማይታየው ላይ ነው እያለ አንድ በአንድ አስረዳት። መያዣዋ ጣውላው ላይ ትመታለች፤ ቆርቆሮው ራሱ ግን አይመታም። ፀሐይ ሲነካው ይረዝማል፣ ሲበርድ ያጥራል፤ በመያዣዋ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል። እያንዳንዷ ሜትር ላይ መያዣ አለች፤ እያንዳንዷ እጥፍ ሁለት ጊዜ በእጅ ትታጠፋለች፤ ለጭስ ማውጫው ዙሪያ ብቻ አንድ ሰው ሁለት ቀን ይሠራል። ሰው «ቆርቆሮ ነው፣ ምን አስወደደው?» የሚለው ይህን ስለማያይ ነው።

«ያንቺው ላይ መያዣ የለም» አላት። «ጠርዙን በሚስማር ጠርቅሞ፣ አንዴ ብቻ አጥፎ ሸፍኖታል። ብረቱ መሄጃ ሲያጣ ይጮኻል። ቆርቆሮውም ስስ ነው፤ ከስሩም ምንም አልተነጠፈበትም። ጭስ ማውጫውን በማጣበቂያ ለቅልቆ ነው የተወው። ስንት ከፈልሽ እትዬ?»

«ሠላሳ ስድስት ሺህ።»

ሩፒ ቤቱን እንደገና አየው፤ ሁለቱን ጭስ ማውጫዎች፣ ከበረንዳው በላይ ጎበጥ ያለችውን ትንሿን ክዳን። ከዚያ ስፔን ያለ ልጅ እንዳላት ጠየቃት። ሳቬታ ፊቷን አጠቆረች፤ ልጅ የሚባል የለኝም ልትል አፏ ላይ ደርሶ ነበር።

«የዛሬ ሦስት ዓመት ደውሎልኛል» አለ ሩፒ። «ከመንገዱ ዳር ካለው ሰሌዳዬ ላይ ቁጥሬን ወስዶ። የዚህን ቤት ፎቶና ልኩን ላከልኝ። በትክክል ከተሠራ ሠላሳ ስድስት ሺህ ነው አልኩት። ይቅርታ ጠየቀኝ። ክርስትና አባቴ የነገረኝ ዋጋ ልክ መሆኑን ልወቅ ብዬ ነው፣ ገንዘቡን ለእሱ ልልክ ነው፣ እሱን ወረቀት ፈርምልኝ ማለት ነውር ነው አለኝ። ምን እለዋለሁ? እኛም ቤት ያው ነው።»

ሳቬታ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ልኮ እንደሆነ ጠየቀችው፤ ሩፒ ያንን አላውቅም፣ እሱኑ ጠይቂው አለና ቁራጮቹን ሰብስቦ ተነሣ። ለመውጣቱ ምንም ክፍያ አልተቀበላትም።

ብቻዋን ስትቀር ስልኩን አነሳች። ከሦስት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እሷ ስትደውል ዶሪን የሞተ ሰው ያለ መስሎት ደንግጦ አነሳ። ሰላምታ እንኳ አልሰጠችውም፤ ለክዳኑ ስንት ላክህ አለችው። መጀመሪያ አቅማማ። አባባ ዛሃሪያን «ለእሷ እንዳትነግራት» ብዬው ነበር አለ። ከኔ የመጣ መሆኑን ካወቀች፣ ጥሎኝ የሄደ ልጅ ገንዘብ አልፈልግም ብላ ክዳኑን ታስወርደዋለች ብሎ እሱ ራሱ መክሮኝ ነው አለ። ታዲያ ስንት? ሁሉንም፤ ሠላሳ ስድስት ሺውንም። ስድስት ወር እሁድ ሳይል ሠርቶበታል።

ሦስት ዓመት ሙሉ የረገመችው ልጅ! እሱ ደግሞ ድምጿን በመስማቱ ብቻ ልቡ ተከፍቶ ይለፈልፍ ጀመር። በመኸር ጠቅልሎ ሊመጣ ነው፤ ስፔን በቅቶታል። ከቤቷ አጠገብ ቤቱን ይሠራል። «ጥዶቹ ግን ደህና ናቸው አይደል እማ? አሁንማ ለማገር ይደርሳሉ።» ሳቬታ ወጡ ሊያርርብኝ ነው ብላ ዘጋችው። ምድጃው ላይ ወጥ አልነበረም።

መሐረቧን አሠረችና የሥራ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር ወደ ዛሃሪያ ቤት ሄደች። ዛሃሪያ ከፕሪም ዛፉ ስር ተቀምጦ ሽንኩርት ይጎነጉናል። ቤቱን ልብ ብላ ያየችው ያኔ ነው። ባለፈው ዓመት አዲስ ክዳን አልብሶታል፤ እጥፉ ሁሉ ቀጥ ያለ፣ ጭስ ማውጫው ዙሪያ በቆርቆሮ የተጠረዘ። በዚያ ቀትር ፀሐይ ከዚያ ቤት ኮሽታ የለም።

«ዶሪን ልኮ ነበር» አለችው።

ዛሃሪያ ከማን ሰማሽ አላለም፤ ሐሰት ነውም አላለም። ሽንኩርቱን አስቀመጠ። ነገሩ እንዲህ እንዲሆን አላሰብኩም ነበር ብሎ ጀመረ። የዶሪን ገንዘብ ዘግይቶ ነበር፤ እሷ ደግሞ ቸኩላ ጥዱን ሸጣ አመጣችለት፤ በኋላ የዶሪን ሲመጣ ምን ብሎ ይመልሰው? ሳቬታ እስኪጨርስ ጠበቀችው። ደግ ሴት ናት እላችኋለሁ፤ እኔ ብሆን ያንን ሽንኩርት አንገቱ ላይ እጠመጥመው ነበር።

«ራሷ ትጨነቅበት ያለውስ ማነው?» አለችው።

ዛሃሪያ መሬት መሬቱን አየ። ቤትሽ ተከድኖልሻል አይደል ወይ አላት ዓይኑን በጨው አጥቦ። ከዚያ ደግሞ ድምፁን አለስልሶ፣ ገንዘቡን በየወሩ እየቆራረጥኩ እመልስልሻለሁ፣ ብቻ ነገሩ እዚህ ይቅር፣ መንደር አይስማብን፣ እኛ እኮ አበልጅ ነን አላት።

«የገንዘቡን ነገር ይተዉት» አለች ሳቬታ። «ጠረጴዛዬ ላይ ቁጭ ብለው፣ ቂጣዬን እየበሉ፣ ልጄን ስረግመው አብረውኝ ራስዎን ሲነቀንቁ የነበረውን በምን ይመልሱልኛል? አንድ ቀን እንኳ ‹ተይ፣ አትርገሚው› አይሉኝም ነበር?»

ያኔ ሳቬታ የራሷን ስልክ አውጥታ የዶሪንን ቁጥር ደወለችና ለዛሃሪያ ሰጠችው። አፋችን እርስዎ ነበሩ፣ አሁንም አፍ ይሁኑና እውነቱን ራስዎ ይንገሩት አለችው። ድምፁን ሁለቱም እንዲሰሙት ከፍ አድርጋዋለች። ዛሃሪያ ፊቱ ቀላ፤ ሆኖም ተቀበላት።

«ልጄ፣ እኔ ነኝ» አለ።

«አባባ!» አለ ዶሪን። «እማ እኮ ደወለችልኝ! ራሷ! አንተ ነህ ያለሳለስክልኝ፣ ሌላ ማን ሊሆን ይችላል? በእግዚአብሔር፣ ይህን ውለታህን በምን እከፍልሃለሁ?»

ዛሃሪያ ሳቬታን አያት። አሁንም ጊዜ ነበረው። አፉን ከፈተ፣ ዘጋው፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ምንም አይደል ልጄ» አለ። «ለዚህ አይደል አባት የሚባለው።»

ሳቬታ ስልኩን ከእጁ ቀስ ብላ ወሰደችው። እየደበቀች መኖር አልቻለችም፤ ከራሷ ጥፋት ጀመረች።

«ዶሪን፣ ጥዶቹ የሉም። እኔ ነኝ የሸጥኳቸው።»

«ለምን እማ?» አለ ልጇ።

«ለክዳኑ» አለችው።