ቁጥር አሥር

ቅጹ አንድ ገጽ ብቻ ነበር። መምህሩ ሦስት ጊዜ አነበበው፤ ሦስቴም መጨረሻው ላይ ሲደርስ ወደ መጀመሪያው ተመለሰ። «ከ1 እስከ 15 ያሉት ተማሪዎች በአካል እየተገኙ የሚማሩ መሆናቸውን አረጋግጣለሁ» ይላል። ከሥሩ የመምህሩ ፊርማ፣ ቀን።

ሬጅስትራሩ የብዕሩን ክዳን አውልቆ አቀበለው።

«አዲስ መመሪያ ነው። ሳይማር የተመዘገበ፣ ሳይማር ድጎማ የሚወስድ ካለ ኮሌጁ ራሱ ሪፖርት ያድርግ ተብሏል። ፈርምና እንገላገል። ተቆጣጣሪዋ አራት ሰዓት ላይ ክፍልህ ትገባለች።»

«ባልፈርምስ?»

«ክፍልህ ይዘጋል። ፈተና ሁለት ሳምንት ሲቀረው ዘጠኙን ሰዎች ሜዳ ላይ በትናቸዋ! ደግሞስ በየሳምንቱ መዝገቡ ላይ ምልክት ያደረገው የማን እጅ ነው? የኔ አይደለም። ከራስ በላይ ነፋስ ነው ወንድሜ።»

እጁ የእሱ የራሱ ነበር። «ከክፍል በኋላ» አለና ቅጹን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ነገሩ የተጀመረው በደግነት ነው፤ ቢያንስ ለራሱ የነገረው እንደዚያ ነው። ለቅዳሜው የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ክፍል የተመዘገቡት አሥር ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ከአሥራ አምስት በታች የሆነ ክፍል ደግሞ አይከፈትም። ያን ጊዜ ሬጅስትራሩ «አንተ ብቻ ምልክት አድርግላቸው፣ የቀረውን ለኔ ተወው» ብሎ አምስት ቁጥር ጨመረ። እነዚያ አምስቱ አርፍደው አያውቁም፣ ታመው አያውቁም፣ መልክም የላቸውም። በአምስተኛው ሳምንት መምህሩ በእያንዳንዳቸው ስም በየወሩ የተማሪ ድጎማ እንደሚወጣ ሰማ። ደነገጠ፤ ምግብ አልበላ አለው። ቅዳሜ ሲመጣ ግን እንደወትሮው ምልክቱን አደረገ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

ተማሪዎቹም ነቅተዋል። በዚህ ኮሌጅ ተማሪ የሚጠራው በቁጥር ነው። አንድ ቀን ዲኑ በር ላይ ቆመው ሳለ አሥራ ሁለት ሲጠራ ክፍሉ ዝም አለ። ይሄኔ ቁጥር አምስት፣ ጎሚስታው፣ ድምፁን አጎርንኖ «አቤት!» አለ። ዲኑ ሲሄዱ ሁሉም በሳቅ ፈረሱ፤ መምህሩም አብሮ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ አምስቱን ተከፋፈሏቸው። አሥራ አንድ ለቁጥር ሦስት፣ ለእቴቴ፣ ደረሰ። እቴቴ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናት፤ አንዷን ሶኬት ሦስቴ አስጠግና ሦስቴ ስለተበላች «አራተኛውን ራሴ ነኝ የምሠራው» ብላ የተመዘገበች የሃምሳ ዓመት ሴት። ለውሸት የሚሆን ፊት የላትም። ስለ አሥራ አንድ «አቤት» ባለች ቁጥር ዓይኗን ጠረጴዛው ላይ ትተክላለች።

ቁጥር አሥርን ግን ማንም አልወሰደም።

አሥር መስኮቱ አጠገብ ትቀመጥ የነበረች ልጅ ናት። ሽቦ ስትልጥ መዳቡን ጭረት አታስነካውም ነበር። በሰባተኛው ሳምንት ደብተሯን አቅፋ መጣች።

«ጋሼ፣ የድጎማው ኮታ ሞልቷል አሉኝ። የክፍላችሁን ሌሎች ወስደውታል ነው የሚሉት። እነማን ናቸው?»

መልሱን ያውቀዋል። እሱ ግን ሽቦ እየጠቀለለ «እንጃ፤ ለሚቀጥለው ሞክሪ» አላት። በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣችም። ከዚያም በኋላ አልመጣችም። እሱ ግን ቁጥሩ እንዳይጎድል የእሷንም ምልክት ማድረጉን ቀጠለ።

ክፍሉ የፕላስቲክና የተቃጠለ አቧራ ሽታ አለው። በግድግዳው ጥግ የመለማመጃ ሰሌዳዎች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ላይ አንድ ማብሪያ፣ አንድ ሶኬት፣ አንድ አምፖል፣ በቀለም የተጻፈ ቁጥር። ሰሌዳዎቹ አሥር ናቸው። ተቆጣጣሪዋ ስትገባ ዓይኗ እዚያ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ መነጽሯን አስተካክላ ባዶ ወንበር ፈለገችና መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች። ሬጅስትራሩ በር ላይ ቆሞ ፈገግ አለ።

«ስም ይጥሩልኝ» አለች።

«አንድ!»

«አቤት!»

እስከ ዘጠኝ ያለ ችግር ደረሰ። «አሥር!» ሲል ክፍሉ ጸጥ አለ። ሁልጊዜም እዚህ ላይ ጸጥ ይላል፤ ሁልጊዜም እሱ ቶሎ ብሎ ያልፈዋል።

«አሥራ አንድ!»

«አቤት» አለች እቴቴ ቀስ ብላ።

ተቆጣጣሪዋ ቀና አለች። «እርስዎ ቅድም ሦስት ሲባል አቤት አላሉም?»

የእቴቴ ፊት ደም መሰለ። ወደ መምህሩ አየች፤ ያን ፊት እንዲያ ያደረገው እሱ ነው። ይቺ ሴት ለሶኬት ብላ መጣች፤ እሱ ውሸት አስተማራት። ብዕሩን አስቀመጠ።

«አሥራ አንድ የሚባል ሰው የለም» አለ። ድምፁ ከጠበቀው ይልቅ ቀጭን ነበር። «እስከ አሥራ አምስት ድረስ ያሉት አንዳቸውም የሉም። እያወቅሁ ምልክት ያደረግሁላቸው እኔ ነኝ። እነዚህ ሰዎች ክፍሉ እንዳይዘጋባቸው ብለው ነው፤ እባክዎ በእነሱ አይፍረዱ።»

ጎሚስታው አንገቱን ደፋ። በሩ ላይ ማንም አልነበረም፤ ኮሪደሩ ውስጥ ፈጣን ኮቴ ብቻ ይሰማል።

ተቆጣጣሪዋ ለረጅም ጊዜ ጻፈች። ከዚያ «አሥርስ?» አለች። «እሱም የለም?»

«እሷ ነበረች» አለ። «ኮታው ሞልቷል ብለው መለሷት። የሞላው በሌሉ ሰዎች ስም ነው። እኔም አውቅ ነበር።»

«ስሟ ማነው?»

መዝገቡን አየ፤ መዝገቡ ላይ 10 ይላል፣ ከፊቱ በገዛ እጁ ያሰፈረው ረጅም የምልክት ረድፍ። ሰባት ሳምንት ሙሉ አሥር ብሎ ሲጠራት አቤት ትለው ነበር።

«አላውቅም» አለ።

እቴቴ ከመቀመጫዋ ተነሳች፤ ወደ እሱ ቀረብ ብላ የልጅቷን ስም በጆሮው ነገረችው። መምህሩ ብዕሩን አንሥቶ ከ10 ጎን ጻፈው። ከዚያም ማንም ሳያዘው፣ ቀና ብሎ፣ እንደ ስም ጥሪ ጮክ ብሎ ጠራው።

ሁሉም ወደ በሩ ዞሩ። እሱም «አቤት» የሚል ድምፅ ጠበቀ።