የጋሼ እርግጫ

አጎቴ የጎማ ንፋስ የሚለኩት በእግራቸው ነው። ቀልዴን አይደለም። ሱሪያቸውን ከጉልበታቸው ሳብ ያደርጋሉ፣ ጎማውን አንድ እርግጫ ያቀምሱታል፣ ከዚያ ጆሯቸውን ቀስረው ያዳምጣሉ። "ጨምርበት!" ይላሉ። ሁሌም ጨምርበት ነው፤ ቀንስ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም።

ሀብት ያፈሩት በጭነት መኪና ነው። እኔ የተማርኩትም፣ እናቴ ቤት የሠራችውም በእሳቸው ገንዘብ ነው፤ ስለዚህ በእግራቸው ላይ ማን አፉን ይከፍታል? በስተርጅና ምን እንዳማራቸው እንጃ፣ የውድድር መኪና ገዙ። እኔን የእህታቸውን ልጅ ነጂ፣ የልጃቸውን ባል መካኒክ አደረጉ። ቡድን ተባልን እንግዲህ።

የውድድር ጎማ ልሙጥ ነው፤ ጥርስ የለውም። ሲሞቅ ይለሰልስና አስፋልቱን እንደ ማስቲካ ይይዛል። ግን ውስጡ ያለው ንፋስም አብሮ ይሞቃል፣ ያብጣል። ቀድሞውኑ ድርቅ ብሎ ከተነፋ መሃሉ ብቻ መሬት ይነካና መሃሉ ብቻ ተበልቶ ያልቃል። የእኛ ጎማ ሲወልቅ ዳርና ዳሩ አዲስ፣ መሃሉ ክሩ የወጣ ነው። ውድድሩ ሳይጋመስ መኪናዋ መንገዳገድ ትጀምራለች፤ ከኋላዬ የነበረው ሁሉ ጥሎኝ ይሄዳል።

ጋሼ ምክንያት አያጡም። አንዴ አስፋልቱ ነው፣ አንዴ ፀሐይዋ ናት፣ የሰው ዓይን ነው ያሉበትም ጊዜ አለ። ባለፈው ጎማው ፈንድቶ ከአጥሩ ጋር ተላትሜ፣ አንገቴን ይዤ እያነከስኩ ስመጣ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?

"መሪ ታበዛለህ።"

"ጋሼ፣ ኩርባ ነዋ! ሳልጠመዝዝ ወዴት ልሂድ?"

"እኔ ያን ሁሉ ጭነት ተሸክሜ ስንቱን ዳገት ስወጣ ጎማ በልቼ አላውቅም!"

ቆሽቴ አረረ። ወደ መካኒኩ ዞርኩ፤ እሱ መሬት መሬት ያያል። የንፋስ መለኪያ አለው እኮ! አንድ ቀን ከኪሱ ቢያወጣ ጋሼ "እግሬን አላመንከውም ማለት ነው?" ብለው አኮረፉት፤ ሚስቱም ከአባቷ ጋር አብራ አኮረፈች። ከዚያ ወዲህ መለኪያው ከኪሱ ወጥቶ አያውቅም።

እናቴም ያው ናት። "ወንድሜን በሰው ፊት እንዳታዋርድብኝ" ትላለች። "እሺ ብትላቸው ምን ትሆናለህ?"

"እማዬ፣ እሞታለኋ!"

"ወሬኛ! ከኋላ ስለቀረህ አሁን ጎማ ታማለህ።"

የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር ሲቃረብ አንድ ወሬ ሰማሁ። የትልቁ ቡድን አለቃ ለሚቀጥለው ዓመት ሰው ሊመርጥ ይመጣል አሉ። እነሱ ለጎማ ማሞቂያ ብርድ ልብስ እንኳ አላቸው። እዚያ ብገባ ከጋሼ እግር እገላገላለሁ፤ ሌላ ምንም አልተመኘሁም። እውነቱን ልናገርና ፈርቼም ነበር። ያ አጥር ከገጨኝ ወዲህ ኩርባ ባየሁ ቁጥር እግሬ ሳላዘው ፍሬን ይረግጣል።

የውድድሩ ለት ጋሼ አራቱንም ጎማ በየተራ በእርግጫ አሏቸው። "ጨምርበት! አሁንም! እንዲህ ነው እንጂ!" ብለው ከእናቴ ጋር ወደ ተመልካቹ ወንበር ሄዱ። እኔና መካኒኩ ተያየን።

"መለኪያውን አውጣው" አልኩት።

"ቢያዩንስ?"

"እኔ ነኝ ያዘዝኩህ በላቸው። አውጣው!"

በርከክ ብለን ከአራቱም አስተነፈስን። የሰው ንብረት የምንሰርቅ ነበር የምንመስለው።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ! መኪናዋ መሬት ላይ ልጥፍ አለች። አሁን ከዳችኝ፣ አሁን ከዳችኝ እያልኩ ኩርባ እገባለሁ፤ ንቅንቅ የለም። የሌሎቹ ጎማ እየደከመ ሲሄድ አንድ በአንድ ለቀምኳቸው። በመጨረሻው ዙር ፊተኛውን አልፌ አንደኛ ወጣሁ! ሄልሜቴን ሳላወልቅ አለቀስኩ፤ ደግሞም አላፍርበትም።

ስወርድ የትልቁ ቡድን አለቃ መኪናዬ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ጎማውን በመዳፉ ይዳብሳል። ከዳር እስከ ዳር እኩል ተበልቷል፣ አንድ ክር አልወጣም። በቃ ተመረጥኩ አልኩ።

"ከስንት ጊዜ በኋላ እንዲህ የተያዘ ጎማ አየሁ" አለ። "ማነው ያዘጋጀው?"

አፌን ስከፍት፣ ከጋሼ ጋር ከተመልካቹ ወንበር ወርዳ የደረሰችው እናቴ ክንዴን ጭምድድ አደረገችኝ። መካኒኩ እጁን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ ደርቆ ቀረ። ጋሼ ወደፊት ራመድ አሉ።

"እኔ ነኝ" አሉ። "በዚህ እግሬ።"

ይስቃል ብዬ ጠበቅኩ። ጎንበስ ብሎ እጃቸውን በሁለት እጁ ጨበጠ። "አባቴ፣ የእኛ ልጆች መሣሪያ ላይ አፍጥጠው ነው የሚውሉት። እንደ እርስዎ ያለ ሰው ከየት ይገኛል? እኛ ጋ ይምጡልኝና የጎማ ኃላፊ ይሁኑልኝ።"

ጋሼ ትንሽ እንኳ አላንገራገሩም።

"እኔስ?" አልኩ። ድምፄ ለራሴም ቀጠነብኝ። "የነዳሁት እኮ እኔ ነኝ!"

ሰውየው ያኔ ገና አየኝ። ትከሻዬን መታ መታ አደረገና፣ "ጎበዝ ነህ። ግን እንዲህ ባለ ጎማማ ማንም ያሸንፋል" አለኝ።

እናቴ ክንዴን አልለቀቀችም። "እንኳን ደስ አለዎት በላቸው እንጂ!"

አልኳቸው።