አባቴ ከብቶቹን የደበቀ ዕለት

እንግዶቹን ከደብረ ታቦር መናኸሪያ ተቀብዬ፣ ባጃጁ እስከሚገባበት በባጃጅ፣ ከዚያ ወዲያ በእግር ይዣቸው ስመጣ፣ ገና ከሩቅ አንድ ነገር እንደጎደለ ታወቀኝ። ቤታችን ከከተማው ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከአንዲት ጉብታ አናት ነው። በዚያ ሰዓት ከጉብታው ላይ ሁልጊዜ የሚሰማ ድምፅ አለ። የታሰረ ጥጃ እናቱን ይጣራል፣ አህያዋ ታናፋለች፣ በጎቹ ይንጫጫሉ። ያን ዕለት ግን ዝም ብሏል። እኔ ዝምታ የምወድ ሰው ነኝ፤ ብቻዬን ተቀምጬ ጉና ተራራን እያየሁ ቀኑ ሳላውቀው የሚመሽብኝ ሰው ነኝ። የዚያን ዕለቱ ዝምታ ግን እርምጃዬን አፈጠነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ ሳይመጣልኝ ቀረ። አባቴ ሙላቴም መርካቶ ሱቅ ወዳለው የእናቴ ወንድም ዘንድ ሊልከኝ ቆረጠ። «ይሻው እርፍ እንደያዘ ደመና ያያል፤ እንዲህ ያለ ልጅ አያርስም» ይላል ለጎረቤት፣ እኔ እየሰማሁ። እኔ ደግሞ ከዚያች ጉብታ መውረድ ከሰው ተራ መውጣት መስሎ ይታየኝ ነበር። ስለዚህ አንድ ነገር ለመንኩት። ቤታችንን ለከተማ ቤተሰብ ማረፊያ ላድርገው፤ ልጆቻቸውን ይዘው ይምጡ፣ ከብት ይዩ፣ ወተት ይጠጡ፤ እኔም ጋፋትንና የዓለም ሳጋን ደን ላሳያቸው አልኩት። ብዙ ካሰበበት በኋላ ተስማማን። የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ደስ ብሏቸው ከሄዱ እቀራለሁ፤ ፊታቸው ከጠቆረ ግን ጥምቀት እንዳለፈ መርካቶ እገባለሁ። መንገዱ ሰላም የነበረበት በጋ ነውና የከብቶቻችንን ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ለጠፍኩ፤ አንድ ሰው ጻፈልኝ።

ሰውየው ነጂብ ይባላል። አዲስ አበባ ውስጥ በርና መስኮት የሚበይድበት የብረታ ብረት ቤት አለው። ሚስቱ ዙበይዳ ቀስ ብላ የምትናገር፣ ሰው እንዳይከፋው የምትጠነቀቅ ሴት ናት። ልጃቸው ሚስራ ግን ጥንቃቄ የሚባል ነገር አታውቅም። ከመናኸሪያው ጀምሮ የጠየቀችኝ ስለ ላሟ ብቻ ነበር። ስሟ ማን ነው፣ ትዋጋለች ወይ፣ ብነካት ትቆጣለች ወይ። ስሟ መጋል ነው፣ አትዋጋም፣ ከወለደችም ገና ሳምንቷ ነው አልኳት። ይህን ስትሰማ እጄን ለቀቀችና ዳገቱን ሮጠች።

በራፋችን ላይ የቆመችው በቅሎዋ ብቻ ነበረች።

በረቱ ባዶ ነው። ያውም ተጠርጎ፣ እንደ ሠርግ ግቢ ውሃ ተረጭቶበታል። ቤት ስገባ የባሰ ሆነ። በእኛ አገር ቤት ከብቱ ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራል፤ ጋጥ ከምንለው ከከብቱ ማደሪያ የሚለየን አጭር ግድግዳ ብቻ ነው። በዚያ ጋጥ ላይ አበባ ያለበት መጋረጃ ተንጠልጥሏል። መሬቱ ላይ የወለል ፕላስቲክ ተነጥፎ ቄጠማ ተጎዝጉዟል። ከከተማ በኪራይ የመጡ ወንበሮች ተደርድረዋል። ጠረጴዛው ላይ መኮሮኒ፣ የታሸገ ጭማቂ፣ ከሱ አጠገብም የታሸገ ወተት። አባቴ በአዲሱ ኮቱ ውስጥ እንደ ሽማግሌ ተገትሮ ቆሟል። እንዲህ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

እናቴን እቴነሽን ወደ ጓዳ ጎትቼ ከብቶቹ የት እንደገቡ ጠየቅኋት። አባቴ ሌሊት ተነሥቶ፣ ሁሉንም ነድቶ ከወንዝ ማዶ አጎቴ ሞላ ዘንድ አድርሷቸው ተመልሷል። በቅሎዋን ብቻ አስቀራት፤ በቅሎ ክብር ናትና።

«በከተማ ሰው ፊት ከላም ጋር ያድራሉ ልንባል ነው?» አለችኝ እናቴ በሹክሹክታ። «ሽቶ ሳይቀር አስረጭቶኛል።»

እውነትም ጋጡ የሙሽራ መሀረብ ይሸት ነበር። አባቴን ምን ልበለው? ከፍሎ የሚያርፍ እንግዳ የሚባለውን ነገር ስንት ጊዜ ባስረዳውም አልገባውም፤ ለእሱ እንግዳ እንግዳ ነው፤ ለእንግዳ ደግሞ ያለህን ሳይሆን የሌለህን ነው የምታቀርበው። ነጂብ መኮሮኒውን አመስግኖ በላ። ዙበይዳ ቤቱ እንዴት እንደሚያምር ተናገረች። ሚስራ በመጋረጃው ሥር አጎንብሳ አየችና ላሟ የት ናት አለችኝ። ግጦሽ ላይ ናት አልኩ። ሌላ ነገር ሳትጠይቀኝ ሦስቱንም ይዣቸው ወደ ጋፋት ወጣሁ።

ጋፋት ላይ የሚታይ ነገር ብዙ የለም። እርሻ ነው፤ በእርሻው መካከል የእግር መንገድ ያልፋል። ሌላ ጊዜ ብቻዬን ስሄድ ግን እኔ ብዙ አያለሁ። ከሰሉ ሲግም፣ ወናፉ ሲነፋ፣ የቀለጠው ብረት እንደ ማር ሲወርድ። አፄ ቴዎድሮስ መድፋቸውን ሴባስቶፖልን ያሠሩት እዚህ መሆኑን፣ ያን የሚያህል ብረት በሰው ትከሻና ጉልበት ተጎትቶ በገደሉ ሁሉ መቅደላ ድረስ መሄዱን ነገርኳቸው። ከሰው ፊት መናገር ይከብደኛል፤ እዚያ ግን ምላሴ አልያዘኝም። ነጂብ ከመሬቱ አፈር ዘግኖ በጣቶቹ መካከል አሸው።

«እኔ መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራ ፈትቼ እቀመጣለሁ» አለ ኋላ። «እነሱ መብራት ምን እንደሆነ ሳያውቁ መድፍ አወጡ።»

ይህን ሲል የተጨበጨበልኝ ያህል ቆጠርኩት። ሚስራ ግን በግጦሹ ላይ ያለውን የሰው ከብት ሁሉ በጣቷ እያሳየች፣ መጋል ይቺ ናት፣ ያቺ ናት እያለች ስትጠይቀኝ ተመለስን።

ቤት ስንደርስ ይማም ደርሷል። ይማም የደብረ ታቦር ነጋዴ ነው፤ ቆዳና ከብት ይሸጣል ይለውጣል፤ ከአባቴ ጋር ዘመን ያስቆጠረ ወዳጅነት አላቸው። አባቴ፣ እንግዶቹ ሙስሊም መሆናቸውን ከነገርኩት ዕለት ጀምሮ፣ ማንም ሳያሳስበው በግ አምጥቶ እንዲያርድ ለይማም ነግሮት ኖሯል። ድስቱንና ቢላዋውን ሳይቀር ከይማም ቤት አስመጥቷል። ዙበይዳ ይህን ስታይ ዓይኗ እንባ አቀረረ። አባቴን አየሁት፤ ይህችን አላጠፋህም አልኩ በልቤ። ይማም በጉን ባርኮ አረደ፣ እጁን ታጠበ፣ ዙሪያውን አየ።

«አያ ሙላቴ፣ በረትዎ ምነው የሙሽራ ቤት መሰለ?» አለ። «ቦራን ለሌላ ነጋዴ ሸጥኩት እንዳይሉኝ ብቻ። ያን በሬ ስንት ዓመት ለመንኩዎ።»

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሥራህን ሥራ፣ ይማም» አለው።

«ሥራዬማ ከብት ነው። ያ የለም እኮ ነው የምልዎ።»

አባቴ ማስታጠቢያውን አንሥቶ እንግዶቹን እጅ ሊያስታጥብ ወደ ቤቱ ጀርባ ዞረ፤ እኔ ፎጣውን ይዤ ተከተልኩት። ማእዘኑ ላይ ስንደርስ፣ ከግድግዳው ወዲያ ዙበይዳ ልጇን ታባብል ነበር። እኛን አላየችንም።

«ከብት የላቸውም መሰለኝ፣ የኔ እናት» ትላለች። «ፎቶው የሰው ከብት ይሆናል። ሁለተኛ እንዳትጠይቂያቸው። ያፍራሉ።»

እንዲህ ያለችው ከደግነቷ ነው። ደግነቱ ነው የባሰው። በእኛ አገር አንድን ገበሬ በሬ የለውም ከማለት ሌባ ነው ማለት ይቀላል። አባቴ ማስታጠቢያውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ፊቱ እንደ ምጣድ ጠቁሯል። እኔን አላየኝም፤ ዱላውን ከግድግዳው አንሥቶ ቁልቁለቱን ወረደ።

ተቀይሞ የሄደ መሰለኝ። ወንበሮቹ ደጅ ወጡ፤ እናቴ ወጡን አቀረበች። ነጂብ አባወራው የት ሄዱ ብሎ ሲጠይቅ፣ አሁን ይመጣሉ አልኩት። ይማም ብቻ ነው የሚያወራው፤ እሱም ጥፋቱ ገብቶት ስለ ቆዳ ዋጋ ነበር የሚያወራው። እኔ ግን ልቤ መርካቶ ገብቶ፣ ከአጎቴ ሱቅ በስተኋላ ካርቶን ሲደረድር ይታየኝ ጀመር።

የመጨረሻው የፀሐይ ብርሃን ጉና ላይ ሲያርፍ፣ ከወንዙ በኩል የሰው ድምፅ ተሰማ። ሃይ፣ ሃይ ይላል። ከዚያ የኮቴ ድምፅ። ሁላችንም ወደዚያ ዞርን።

አባቴ ከፊት ነው። አዲሱ ኮት እስከ ወገቡ ርሷል። የመጋል ጥጃ ወንዙን መሻገር ስላልቻለች በትከሻው ላይ ተሸክሟታል፤ የፊትና የኋላ እግሮቿን በደረቱ ላይ ይዟል፤ ኮቱ ላይም የምታደርገውን ሁሉ አድርጋበታለች። ከኋላው መጋል ልጇን እየተጣራች፣ ከእሷ ኋላ ሁለቱ በሬዎች፣ አህያዋና በጎቹ፣ በመጨረሻም አጎቴ ሞላ ግራ ተጋብቶ እየነዳ ይመጣል። አባቴ ከብቶቹን ወደ በረቱ አላስገባቸውም። በቀጥታ ወንበሮቹ ፊት አምጥቶ አቆማቸው።

«ጌታው፣ ተዋወቁ» አለው ነጂብን።

ነጂብ ሰው እንደሚያስተዋውቁት ሁሉ ብድግ አለ።

«ይህ ቦራ ነው» አለ አባቴ፣ ግንባሩ ነጭ በሆነው በሬ ሻኛ ላይ እጁን አሳርፎ። «አባቱ የእብናት ኮርማ ነው። እናቱ ያቻት፣ መጋል። የተወለደው እዚህ ጋጥ ውስጥ ነው፤ ከአልጋዬ ክንድ በማይሞላ ቦታ። የምታዩት እርሻ ሁሉ የሱ ነው። ይህ ዳለቻ ነው። ሰነፍ ነው፤ አልዋሽም። ግን ቦራ ከጎኑ ካለ ያፍርና ይስባል።»

«የአህያዋን ዘር ቆጥረው እስኪጨርሱ ጥብሱ ሊያር ነው፣ አያ ሙላቴ» አለ ይማም።

አባቴ ዞር ብሎም አላየው። ጥጃዋን ከትከሻው አውርዶ ሚስራ እግር ሥር አቆማት፤ ከዚያ ወደ ዙበይዳ ቀና አለ።

«ልጄ፣ እኛ ከከብቶቻችን ጋር ነው የምናድር» አላት። «ሽታውን ትጠሉት ይሆናል ብዬ ሸሸግኋቸው። የለኝም ብዬ አይደለም።»

ዙበይዳ አፏን በሻሿ ሸፈነች። የሰማት መሆኑ ገብቷታል። «ማሻአላህ» አለች፣ «አባባ፣ እኛ ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣነው እኮ ለነሱ ነው።»

አባቴ ነጂብን አየ። ነጂብ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ አባቴ እኔን አየኝ። ስንት ጊዜ የነገርኩት ነገር ያን ጊዜ ገና ጆሮው ውስጥ ሲገባ በዓይኔ አየሁት። ወደ ቤት ገባና መጋረጃውን በአንድ እጁ ገንጥሎ ወረወረው። በጎቹ ተከትለውት ገብተው ቄጠማውን ይበሉ ጀመር። እናቴ ልታባርራቸው ስትነሣ ነጂብ እየሳቀ ይተዉዋቸው አላት። ሚስራ ግን ይህን ሁሉ አላየችም። ጥጃዋ የልጅቱን ጣቶች አፏ ውስጥ አስገብታ ትጠባለች፤ ልጅቱም እንዳትደነብርባት ትንፋሿን ይዛ ቆማለች።

በማግሥቱ ጠዋት ሚስራ ከመጋል የታለበ ወተት አረፋው ሳይጠፋ ጠጣች። የታሸገውን ማንም አልከፈተውም። የዓለም ሳጋን ደን አሳይቻቸው ስንመለስ፣ አባቴ ውድማ ላይ ገብስ ሊያበራይ በሬዎቹን እህሉ ላይ እያዞረ ነበር። ልጅቱን ጠራትና ቦራ ኋላ አቆማት፤ ሂድ ስትዪው ይሄዳል አላት። ያ ትልቅ በሬ በዚያች ቀጭን ድምፅ ሲዞር ነጂብ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ማንሣት ረሳ፤ አፉን ከፍቶ ያያል። አባቴ ደግሞ እያንዳንዱን ነገር ያስረዳል፤ ገለባ የሚያነሣበትን መንሹን፣ እህል ወደ ላይ የሚበትንበትን ላይዳውን፣ ነፋሱ ከየት ሲመጣ እህሉ ከገለባው እንደሚለይ። ያ ሁሉ ቃል ከአባቴ አፍ ይወጣል ብዬ አልሜ አላውቅም፤ ሕልም የማያልቅብኝ እኔ። ገለባ በተሞላ ፀጉሩ በዚያ ውድማ መካከል ሲቆም፣ ከጋፋቱ መድፍ ይልቅ የሚያኮራኝ እሱ ሆኖ አገኘሁት።

ሊሄዱ ሲሉ መንገዱ ድረስ ሁላችንም ሸኘናቸው። ሚስራ አኩርፋለች። ነጂብ የአባቴን እጅ ይዞ፣ ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ካላስቸገርን እንመለሳለን አለ።

እኔ የአባቴን አፍ አየሁ።

«ነሐሴ ጭቃ ነው» አለ አባቴ። «ግድ የላችሁም። ይሻው ወርዶ ይቀበላችኋል።»

ጥምቀት ሊደርስ ጥቂት ቀርቶታል፤ ነሐሴ ደግሞ ሩቅ ነው። ለእንግዳ የተሰጠ ቃል በእኛ ቤት ታጥፎ አያውቅም። እናቴ ጎኔን በክርኗ ነካ አደረገችኝ። ባጃጁ አቧራውን አስነሥቶ ቁልቁል ሲወርድ እኔ እዚያው እንደቆምኩ ቀረሁ፤ ምን ያህል እንደቆምኩ እንጃ።

«ምን ታልማለህ?» አለኝ አባቴ ከዳገቱ ላይ ሆኖ። «ከብቶቹ ውሃ አልጠጡም። ና ንዳ።»