አሥራ አራት ክንድ

መምህር ዘሥላሴን ደብረ ብርሃን ውስጥ በስሙ የምትጠራው ሚስቱ ብቻ ናት። ሌላው ሁሉ «ሚሊ» ነው የሚለው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የቴክኒክ ንድፍ ሲያስተምር፣ በአንዲት ሚሊሜትር ያለፈች መስመር ካየ ተማሪውን እንደገና ያሠራው ነበር፤ ስሙም በዚያው ቀረለት። ጡረታ ሲወጣ ሰው ሁሉ አሁንስ ያርፋል፣ ጨጓራውም ይሻለዋል ብሎ ነበር። የት ያርፋል። ሳሎኑን ወርክሾፕ አደረገና በካርቶን፣ በጀሶና በኮላ የትንንሽ ቤቶች አናጺ ሆኖ አረፈው።

ሚስቱ ደመቀች ለዚህ ሥራ ያልገበረችው ነገር የለም። የእንቁላል ማስቀመጫዋ ካርቶን ተቦጫጭቆ የድንጋይ ግንብ ሆኗል፤ ቃጫዋ ተከርክሞ የሣር ክዳን ሆኗል፤ ሻይ ቅጠሏ ተፈልቶ ያንኑ ክዳን የከረመ ለማስመሰል ተረጭቷል። አንድ ቀን እንግዳ ፊት ሻይ ልትቀዳ ፔርሙስ ብታነሣ የወጣው የግድግዳ ቀለም ነበር። ከዚያ ወዲህ ፔርሙሷን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋ ነው የምትኖረው።

ዘንድሮ ትልቅ ሥራ መጣ። አንኮበር ላይ አዲስ የጉብኝት አዳራሽ ሊከፈት ነው፤ መግቢያው ላይ የድሮው የአልዩ አምባ ገበያ ከነቤቱ፣ ከነግመሉ፣ ከነሰዉ በትንሹ ተሠርቶ በሰፊ ጣውላ ላይ ይቀመጥ ተባለ። መጠኑ አንድ ሃምሳኛ ነው፤ ሃምሳ ሜትሩ አንድ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ዘሥላሴ አልዩ አምባ ወርዶ የቆመውን ሁሉ፣ መስጊዱንም ጭምር፣ በሜትር ለካ። ያስቸገረው የሌለው ነው። ገበያው መሀል ድሮ የሐጂ ፈረጅ ቤት ነበር፤ ከፈረሰ ስድሳ ዓመት አልፎታል፤ ፎቶ የለው፣ ንድፍ የለው።

ቤቱን በዓይናቸው ያዩ ሁለት ሰዎች ብቻ ቀርተዋል፤ እነሱም አይስማሙም። አንደኛዋ የሐጂ ፈረጅ ልጅ ወይዘሮ መሊካ ናቸው። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ዛሬም ገበያ ላይ ጨርቅ ይሸጣሉ። የአባቴ ቤት ፎቅ ነበረው ይላሉ። ሁለተኛው ሼህ ዓብዱራህማን ናቸው፤ ከመሊካ በአራት ዓመት ያንሳሉ፣ በስምንት ዓመታቸው ከአባታቸው ጋር ለንግድ ከአገር ወጥተው ሲመለሱ ቤቱ ፈርሶ ጠበቃቸው። እሳቸው ደግሞ ምን ፎቅ አለና፣ ዶሮ የሚያድርበት ቆጥ ነበር ይላሉ። የሼሁ ቃል አልዩ አምባ ላይ አይታጠፍም። በዚህ የተነሣ አገሩ ሴትዮዋን «መሊካ ፎቅ» ብሎ ስም አወጣላቸው። ስሙ ሲጠራ እሳቸውም አብረው ይስቃሉ። ለዘሥላሴ ግን የሆዳቸውን ነገሩት።

«እኔ ውሸታም መባሉን ለምጄዋለሁ» አሉት። «አባቴ በእጁ የሠራውን ቤት የዶሮ ቤት ሲያደርጉበት ግን ያመኛል። ሳልሞት አንድ ሰው ይመነኝ።»

ታዲያ ልኩን ከየት ያውቁታል ብሎ ቢጠይቃቸው አልተቸገሩም። በአሥራ ስምንት ዓመታቸው፣ ወንድማቸው ኢስሀቅ ሲዳር ቤቱን ከውጭ አቡጀዲ አልብሰውት ነበር፤ ጨርቁን ለክተው የቆረጡት ራሳቸው ናቸው። ከጣሪያው ጫፍ እስከ መሬት አሥራ አራት ክንድ ወርዷል። በሩ አምስት ክንድ፣ መስኮቱ ሁለት፣ ወለሉ፣ ደረጃው፣ ሁሉንም እንደ ትናንት ቆጠሩለት።

ዘሥላሴ ቤቱ ገብቶ ክርኑን ጠረጴዛ ላይ አሳርፎ፣ ከክርኑ እስከ መሀል ጣቱ ጫፍ ያለውን ሦስት ጊዜ ለካ። ሃምሳ ሁለት ሴንቲሜትር ከአራት ሚሊሜትር። አራቷን ሚሊሜትር እንኳ አልተዋትም።

ከዚያ ሁለት ወር ሠራ። የእንቁላል ካርቶኑን ቁራጭ በቁራጭ እየለጠፈ ግንቡን ካበ። መጀመሪያ ሁሉንም ጥቁር ቡናማ ቀባው፤ ሲደርቅ ግራጫ ቀለም በስፖንጅ ጠቅ ጠቅ አደረገበት፤ በመጨረሻ ብሩሹን ጨርቅ ላይ ጠርጎ፣ ሊደርቅ በተቃረበ ነጣ ያለ ቀለም የድንጋዩን ጠርዝ ብቻ ዳሰስ ዳሰስ ሲያደርገው እያንዳንዱ ድንጋይ ብቅ ብቅ አለ። ከጣሪያው ሥር የከሰል ዱቄት በጣቱ አሸ። ከአይስክሬም እንጨት የሠራውን መስኮት ሰማያዊ ቀባና ፀሐይ የላጠው እንዲመስል በምስማር ቧጠጠው። ደመቀች አይታ ቤቱን የሚጠርግለት ሰው ይፈልጋል አለች፤ ከእሷ አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

አንድ ነገር ብቻ ነበር። በሩ ላይ ያቆመው ነጋዴ ሕፃን መሰለ። ሐጂ ፈረጅ ግዙፍ ሰው ቢሆኑ ነው በሩን ያሰፉት አለና አለፈው። ሚሊ የተባለ ሰው፣ እስቲ አሁን ይኼ ምን ይባላል።

አዳራሹ ሊከፈት ሳምንት ሲቀረው፣ ሥራውን ያዘዙት ሰዎች ሼህ ዓብዱራህማን አይተው ልክ ነው ካላሉ አይቀመጥም አሉ። ሼሁም ለጉዳያቸው ደብረ ብርሃን ወጥተው ስለነበር ዘሥላሴ ቤት ጎራ አሉ። ጣውላውን ዞር ዞር ብለው አዩ፤ ግመሎቹን ወደዱ፤ መስጊዱን ሲያዩ ማሻአላህ አሉ። ከዚያ ዓይናቸው ሐጂ ፈረጅ ቤት ላይ ሲያርፍ ሳቅ ጀመሩ። በኩታቸው ጫፍ ዕንባቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ። ቤቱ ከመስጊዱ በአንድ ጣት ወርድ ይበልጥ ነበር።

«መምህር፣ ወላሂ ከመስጊድ አስበልጦ ቤት የሚሠራ ሰው እኛ አገር አልተወለደም» አሉ። «ሴትዮዋ አንተንም ጉድ ሠራችህ። ፎቁን አንሣውና ቆጥ አድርገው፤ ያን ጊዜ እመሰክርልሃለሁ።»

ዘሥላሴ ደሙ ፈላ። የተናደደው በሼሁ አይደለም፣ በወይዘሮ መሊካ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ዓይኔን ያጠፋሁት ለጉራ ነው ወይ አለ። ደመቀች ሴትዮዋን ሳትጠይቅ አትፍረድ አለችው። እሺ እጠይቃታለሁ ብሎ፣ በማግስቱ የገበያ ቀን ስለነበር ሚኒባስ ተሳፍሮ ቁልቁል ወረደ። መኪናው በታጠፈ ቁጥር ሙቀቱ እየጨመረ ሲሄድ ካፖርቱን አወለቀ፣ ሹራቡን አወለቀ፤ ንዴቱን ግን አላወለቀም። የሚናገረውን መንገድ ሙሉ ሲያጠና ነው የሄደው።

ሲደርስ ወይዘሮ መሊካ ከገዢ ጋር ተያይዘዋል። አንዲት ሴት አሥር ክንድ ጨርቅ ልትገዛ መጥታ፣ አብሯት የመጣው ወንድሟ በራሱ ክንድ ይለካልኝ ትላለች። ወንድምየው የስልክ እንጨት የሚያህል ነው።

«በእሱ ክንድ ከሆነ ከእሱ ግዢ» አሉ ወይዘሮ መሊካ። «እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የምሸጠው በዚችው ነው።» ይህን ብለው ክንዳቸውን አነሡ። ቀጭንና አጭር ነበረች፤ የልጅ ክንድ ታህላለች።

ዘሥላሴ ያጠናው ንግግር ሁሉ ጥሎት ጠፋ። የሴትዮዋን ክንድ አየ፤ የራሱን ክንድ አየ። የእሱም ቁመት ከወንድምየው አያንስም። ከዚያ እዚያው አቧራው ላይ ቁጭ ብሎ፣ ገበያተኛው ዞሮ እስኪያየው ሳቀ።

ወይዘሮ መሊካ ምን ነካው ብለው ሲደነግጡ ሜትሩን ከኪሱ አወጣና ክንድዎን ይስጡኝ አላቸው። ሰጡት። አርባ ሴንቲሜትር ከስድስት ሚሊሜትር። ጭኑ ላይ ወረቀት ዘርግቶ በአሥራ አራት አባዛ፣ ለሃምሳ አካፈለ። ቤቱ ከመስጊዱ በአንድ ጣት ወርድ ዝቅ አለ፤ በሩም የሰው በር ሆነ። ፎቁ ግን ባለበት አለ፤ ወይዘሮ መሊካን የምታህል ሴት ቀጥ ብላ ትቆምበታለች።

ከዚያ ሳይደብቅ ነገራቸው። ውሸታም ብሎ ሊወቅሳቸው እንደመጣ፣ አቡጀዲው የተለካው በማን ክንድ እንደሆነ ለመጠየቅ እንዳላሰበ፣ በጣም እንዳፈረ ነገራቸውና ይቅርታ ጠየቀ።

«ሠላሳ ዓመት ያስተማርኸው ይህንን ነው?» አሉት። ቆይተው ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እንግዲህ ያመነኝ ሰው አገኘሁ ማለት ነው?» አሉ። እሱም አዎ አላቸው።

ቤቱን ማሳጠር ብቻ አይበቃም፤ በሩም፣ መስኮቱም፣ ድንጋዩም አብሮ ማነስ አለበትና እንዳለ ፈርሶ ከመሠረቱ ተሠራ። አምስት ቀን ነበር የቀረው። ደመቀች ራሷ የእንቁላል ካርቶን ስትቦጫጭቅ፣ ቃጫ ስትከረክም ሰነበተች፤ ቁም ሳጥኑንም ከፍታ ፔርሙሱን ከነሻዩ አስረከበች። የመጨረሻው ቀለም ሲደርቅ ቤቱ በሰዎቹ መሀል ተስማምቶ ተቀመጠ። ሚሊ የተባለው ዘሥላሴ እንኳ ረካ። የቤቱ ስም የሚጻፍባትን ካርድ ግን ባዶዋን ተዋት። ሼሁ ካልመሰከሩ ያ ቤት ፎቁን ይዞ አዳራሹ ውስጥ አይቀመጥም።

ቅዳሜ ጧት እንግዶች ሳይገቡ ሁለቱም አዛውንት አንኮበር ወጡ። ወይዘሮ መሊካ መቅረብ ፈርተው ከግድግዳው ሥር ቆሙ። ሼህ ዓብዱራህማን በከዘራቸው ተደግፈው መጀመሪያ መስጊዱን፣ ቀጥሎ ቤቱን አዩ። ዘሥላሴ የክንዱን ጉዳይ፣ ጥፋቱም የራሱ እንደነበር አስረዳቸው። እሳቸው ግን በጓሮ በኩል ዞሩ። እዚያ ሰማያዊው የፎቅ መስኮት ወደ አንዲት ጠባብ መተላለፊያ ያያል። ሼሁ ጉንጫቸው ጣውላውን እስኪነካ ጎንበስ ብለው፣ እንደ እግረኛ ከመንገዱ ላይ ሽቅብ አዩና እንደዚያው ቆዩ። ቀና ሲሉ እጃቸው ኮፍያቸው ላይ ነበረ።

«መሊካ» አሉ። «እኔ በዚህ መንገድ ቁርአን ልቀራ ስሄድ ውሃ ይደፋብኝ ነበር። ቀና ስል ሰው የለም። አባቴ ጅን ነው ብሎ በዚያ እንዳላልፍ ከለከለኝ።»

ወይዘሮ መሊካ ከግድግዳው ሥር ሳይንቀሳቀሱ፣ «እኔ ነኝ» አሉ። «ቆሜ እደፋና ቁጭ እል ነበር። ቀጥዬ ቆሜ ስትሮጥ አይሃለሁ።»

ሼሁ ሰባ ዓመት የፈሩት ጅን ከግድግዳው ሥር ቆሟል፤ ሰው ደግሞ ቆጥ ላይ አይቆምም። ሼሁ በመጨረሻ ሳቁ፤ ያሁኑ ሳቅ በራሳቸው ነበር።

«ጻፍ መምህር» አሉ። «የሐጂ ፈረጅ ፎቅ ቤት በል።»

ዘሥላሴ ጻፈና ካርዷን ከቤቱ ፊት አቆማት። ወይዘሮ መሊካ ያን ጊዜ ቀረቡ። ፊደል ስላልቆጠሩ ጎንበስ ብለው ቢያዩም ጽሑፉ ምን እንደሚል ማወቅ አልቻሉም። ዘሥላሴ ሊያነብላቸው ሲል በእጃቸው ከለከሉት።

«አንተ አንብብልኝ» አሉ ወደ ሼሁ ዞረው።

ሼህ ዓብዱራህማን ጮክ ብለው አነበቡ። በዚህ መሀል በሩ ተከፍቶ እንግዶቹ ከነአልዩ አምባ ሰዎች መግባት ጀመሩ። ወይዘሮ መሊካ አዳራሹ እስኪሞላ ጠበቁና አሁንም አልሰማሁም አሉ። ሼሁም እንደገና አነበቡላቸው።