በበረዶ ላይ የረጋው ቅቤ

የሺአረግ ድሬዳዋ ከገባች ጀምሮ የምትረግመው አንድ ነገር ቢኖር ሙቀቱን ነው፤ የምትኮራበት አንድ ነገር ቢኖር ደግሞ ቅቤዋን። ቅቤው ከቡልጋ ዘመዶቿ በባቡር የሚልኩላት ነው። እሷ በኮረሪማ፣ በኮሰረትና በአብሽ አድርጋ ስታነጥረው ሽታው ከሰፈሯ ከከዚራ ተነሥቶ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ መጋላ ገበያ ይደርሳል እያሉ የሰፈሩ ሴቶች ያወሩላታል። ማጋነናቸው ነው፤ ግን ያን ያህልም አላጋነኑም።

ባሏ ወልደጻድቅ ባቡር ነጂ ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ከባቡሩ ጥሩምባ የማይተናነስ ሰው። ወጡ ላይ ቅቤው ካልተንሳፈፈ ሳሕኑን ገፋ ያደርግና «ዛሬ ማን ሞቶብን ነው?» ይላል። ዘይት ለእሱ የጾም ነው፤ በፍስክ ቀን ዘይት የሚቀርብለት ባል ወይ ደኽይቷል፣ ወይ ሚስቱ ጠልታዋለች። የሺአረግም በዚህ ነገር ተከራክራው አታውቅም። እንዲያውም እሷ ትብሳለች።

ሐምሌ ውስጥ ግን ያ ሁሉ ሰውዬ ደጃፉ ላይ ደረቱን ጨብጦ ቁጭ አለ። ከሥራ ደግፎ ያመጣው ኢስማዒል ነበር። ኢስማዒል በባቡሩ ላይ ረዳቱ፣ በሰፈር ደግሞ ግድግዳ የሚጋሩት ጎረቤቱ ነው። ተሸክመው ሆስፒታል ወሰዱት። ሐኪሙ ከአውሮፓ በቅርቡ የመጣ ቀጭን ሰው ሲሆን፣ ረዳቱ የሆነው ድሬሰር እያስተረጎመ እንዲህ አላት፦ «የልቡ የደም ሥር እየጠበበ ነው። የሚረጋ ስብ ይተው፤ ሳይረጋ የሚፈስ ዘይት ይብላ። ሥጋ ይቀንስ፣ አሳ ያዘውትር። አለበለዚያ ሌላ ጊዜ ላይተርፍ ይችላል።»

የሺአረግ የሰማችውን እንዳይጠፋባት በአፏ እየደጋገመች ቤቷ ገባችና ቀጥታ ወደ ጓዳ ሄደች። የቅቤውን ጠርሙስ አንሥታ አዘነበለችው። ኩልል ብሎ ወረደ። ምን ያድርግ፣ አገሩ ድሬዳዋ ነው፤ በቆርቆሮ ጣራ ሥር፣ በዚያ ወበቅ እንኳን ቅቤ ሰውም ይቀልጣል። ቡልጋ እናቷ ቤት ቢሆን ቅቤ በማንኪያ ተፍቆ ነው የሚወጣው። እዚህ ግን ቅቤዋ ረግቶ ያየችበትን ቀን አታስታውስም። የሚረጋውን ተዉ፣ የሚፈሰውን ብሉ ተባለች፤ የእሷ ደግሞ ይኸው ይፈሳል። «ተመስገን!» አለችና የጠርሙሱን አንገት ሳመችው።

አሳውንስ? አሳውን አልደፈረችውም። እግር የሌለው፣ ዓይኑን የማይጨፍን ፍጡር ቤቷ ውስጥ አስገብታ ልትከትፍ! ሥጋውን ግን ቀነሰች፤ በተቀነሰው ሥጋ ፋንታ ቅቤውን ጨመረች። እሷ እንደ ብልሃት ነበር ያየችው።

ነሐሴ ሲገባ የፍልሰታ ጾም ደረሰ። ነፍስ አባታቸው ለታመመ ሰው ጾም የለበትም ቢሉም ወልደጻድቅ እምቢ ብሎ ጾመ። ሽሮውም ምስሩም በመጋላ ዘይት ተሠራ። ጾሙ ሲጋመስ የሰውየው ፊት ጠራ፤ ደረጃ ሲወጣ ማለክለኩ ቀረ፤ አልፎ ተርፎም የጎረቤት ዶሮ አጥሩን ዘለለች ብሎ መጮህ ጀመረ። የሺአረግ «እመቤቴ ናት የማረችልኝ» ብላ ስለት ገባች። ለጾሙ ፍቺ ደግሞ ያን ሁሉ ጊዜ የቀረበትን ለማካካስ ዶሮ ወጡን በቅቤ አሰጠመችው።

ከፍቺው ብዙም ሳይቆይ ወልደጻድቅ ማዕድ ላይ እንዳለ ወደቀ። በዚህኛው ጊዜ ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር። ሐኪሙ ከመኝታው አጠገብ ቆሞ «ምን አበላሽው?» ሲል በድሬሰሩ በኩል ጠየቃት።

«የሚፈሰውን ነው፣ ዶክተር! በእመቤቴ! የሚረጋ ነገር በአፉ አልዞረም!»

ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። ያላመናት መሰላት፤ ይህ ደግሞ ከሁሉ በላይ አንገበገባት። ቤቷ ተመልሳ ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች። ግድግዳው ስስ ነው፤ ዐስሊ ሰማቻት። ዐስሊ የኢስማዒል ሚስት ናት፤ በዘይላ ወደብ፣ ከባሕሩ አጠገብ ተወልዳ ያደገች፣ ነገር ቶሎ የሚገባት፣ ምላሷም የማያርፍ ሴት። ሻሿን እያስተካከለች ዘው አለች።

«አቦ የሺ፣ አብሽሪ እንጂ! ሐኪሙ አሳ ካለ አሳ ነው። ነገ የጅቡቲው ባቡር ሲገባ አብረን እንሄዳለን። ወላሂ ባል እንዲህ በቀላሉ አይሞትም፤ እኔ ኢስማዒልን ስንት ዓመት ሞክሬዋለሁ!»

የሺአረግ እያለቀሰች ሳቀች።

በማግስቱ ለገሀር ባቡር ጣቢያ ሄዱ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ቢሌ የሚባለው አሳ ነጋዴ ከፉርጎው የወረደውን የእንጨት ሳጥን ሰጋቱራውን ጠርጎ ሲከፍተው፣ ከውስጡ ቀዝቃዛ ጭስ ብድግ ብሎ የሺአረግን ፊቷን ዳሰሳት። በዚያ እሳት በሚያዘንብ አደባባይ መካከል የቡልጋ የታኅሣሥ ጧት በሳጥን ታሽጎ መምጣቱ ነበር። በረዶው መካከል አሳዎቹ ተደርድረዋል፤ ጀርባቸው ሰማያዊ፣ ሆዳቸው ብር። እግዜር የተረፈውን ጌጥ ሁሉ ማንም በማያየው ውኃ ውስጥ ነው እንዴ የደበቀው? አለች በልቧ።

ቢሌ ትልቁን አንሥቶ «ይሄ ለእናንተ» አለ።

«ዋሪያ ቢሌ፣ ይሄን ለጠላትህ ሽጥ!» አለች ዐስሊ። «የሺ፣ ነይ እዪ። ዓይኑ ጉም ለብሷል፤ ይሄ ከሞተ ቆይቷል። ይሄኛው ትንሹ ግን እዪው፣ ዓይኑ ጥርት ያለ ነው፤ የሚያይሽ ይመስላል።» የጉንጩን ክዳን በጥፍሯ ገለጠችው፤ ውስጡ እንደ ጽጌረዳ ቀይ ነው። «ጣትሽን ስጪኝ። ተጫኚው። ሥጋው ተመልሶ ሞላ አይደል? አሁን አሽቺው። አሳ አሳ የሚሸት አሳ አይገዛም፤ ባሕር ነው መሽተት ያለበት።»

«ባሕር ምን ይሸታል?» አለች የሺአረግ።

ዐስሊ አሳውን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችላት። ጨው ይሸታል፤ ሌላም ስም ያላገኘችለት፣ ሰፊ የሆነ ነገር ይሸታል። የሺአረግ ባሕር አይታ አታውቅም። ይህ ፍጡር ገና በቅርቡ በዚያ ማለቂያ በሌለው ውኃ ሲዋኝ ነበር፤ ከዚያ ያን ሁሉ በረሃ አቋርጦ ለወልደጻድቅ መጣ። ደግሞስ ማን አመጣው? ባሏ ዕድሜውን ሙሉ በዚህ ሐዲድ ላይ ሲመላለስ መድኃኒቱን ከኋላው እየጎተተ ኖሯል ማለት ነው።

አንድ ነገር ብቻ እሷም ታውቅ ነበርና ተናገረች፦ «ቅርፊትና ክንፍ ያለው ይሁን። ቄሱ ያለዚያ አይበላም ብለውናል።» ዐስሊ ቅርፊቱን ቆጥቆጥ አድርጋ አሳየቻት። ትናንሾቹን መረጡና ከነበረዶው በጆንያ ጠቅልለው ተመለሱ።

ጓዳ ውስጥ ዐስሊ በረዶውን ጎድጓዳ ሳሕን ላይ ዘርግታ አሳውን አጋደመችበት። መጋላ ውስጥ ግመል እየዞረ የሚጨምቀውን የሰሊጥ ዘይትም ከቤቷ አምጥታ ነበር። የሺአረግ ይህን ስታይ ጎረቤቷን ማሳፈር መሰላት፤ እንግዳ ወደ እሷ ቤት የራሱን ዘይት ይዞ ይምጣ? ጠርሙሷን አነሣች።

«እኔም እኮ የሚፈስ አለኝ» ብላ ቅቤውን አሳው ላይ ጠብ ልታደርግ አዘነበለችው። ቸኩላ ነበርና ቅቤው አሳውን ስቶ በረዶው ላይ ወረደ።

ወረደና ቆመ። ከጠርሙሱ ወርቅ መስሎ የወጣው ቅቤ በረዶውን ሲነካ ደፈረሰ፤ ከዚያ ነጣ፤ ከዚያ እንደ ጧፍ ሰም ድርቅ ብሎ ቀረ። የሺአረግ በጥፍሯ ፋቀችው፤ ተፋቀ። ቡልጋ፣ እናቷ ቤት፣ በማንኪያ እንደሚወጣው።

«ዐስሊ» አለች፣ «የአንቺን አፍሺበት።»

ዐስሊ ዘይቱን አፈሰሰችው። ዘይቱ በረዶውን ዞሮ፣ በስንጥቁ ሾልኮ፣ ከሳሕኑ ግርጌ ተጠራቀመ። ሳሕኑን ነቅነቅ ሲያደርጉት አብሮ ይነቀነቃል።

የሺአረግ መሬት ላይ ተቀመጠች። ፍልሰታ ትዝ አላት፤ ዘይት የበላበት፣ ፊቱ የጠራበት። ፍቺው ትዝ አላት። «በገዛ እጄ» አለች። «ይሄን በገዛ እጄ፣ ቀን በቀን፣ እየሳቅሁ አጎረስሁት።» ያ ጥቂት ነጭ ነገር ጥርት አድርጎ እውነቱን ስላሳያት ልትጠላው እንኳን አልቻለችም። የቅቤዋን እውነተኛ ፊት ያየችው ዛሬ ነበር፤ ስንት ዘመን አብሯት ኖሮ።

ዐስሊ ያን ቀን ለአንዴ ምላሷን ያዘችና አጠገቧ ተቀመጠች። ነገሩን ኋላ ላይ የሰማው ሐኪም እየሳቀ «በሰው ደም ውስጥ እንዲህ ቁልጭ ብሎ አይረጋም፣ የሚረጋ ስብ ያልሁት ግን ይህንኑ ነው፣ በዚህ አገር ስብ እንደማይረጋ ማን ነገረኝ?» አለ። ያን ያላት ግን ብዙ ቆይቶ ነው። በዚያች ሰዓት እሷን ማንም ሊያጽናናት አይችልም ነበር።

ቅቤው አልተደፋም። ሁለቱ ሴቶች ጸጉራቸውን ተቀቡት። ከዚያ በኋላ ከዚራ ውስጥ እንደ ሁለቱ ጸጉሩ ያማረ አልነበረም ይባላል።

ወልደጻድቅ ከሆስፒታል ወጣ፤ ከስቷል፤ ድምፁም አንሷል። የተቀቀለውን አሳ እንደ ኮሶ እየዋጠ ጥቂት ቀን ታገሠ። እንቁጣጣሽ ሲቃረብ ግን አመፀ። «የበዓል ቀን ዶሮዬን በቅቤ ትሠሪልኛለሽ። ካልሆነ አልበላም። መሞቴ ካልቀረ ጠግቤ ልሙት!» አለ። የማለውንም የሚያፈርስ ሰው አይደለም። ሐኪሙ ደግሞ ዳግም ከወደቀ አይተርፍም ብሎ ነግሯታል።

የበዓሉ ቀን የሺአረግ ከጧት ጀምራ ሽንኩርቱን አቁላላች። በርበሬውን በሰሊጥ ዘይት አብስላ፣ ኮረሪማውን ነስንሳ፣ አሳዎቹን በመጨረሻ አንድ በአንድ አስገባች። መሶቡ ላይ አቀረበችለት። እሱ ወጡን አየው። ከላዩ የሚንሳፈፍ ነገር የለም።

«ዛሬ ማን ሞቶብን ነው?» አለ።

«ማንም አልሞተብን» አለች። «እንዳይሞትብን ነው። ይብሉ በሞቴ።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እንጀራው መድረቅ ጀመረ። የሺአረግ መሶቡ አጠገብ ቆማ ቀረች።

በዚህ መካከል ኢስማዒልና ዐስሊ እንደ ወትሮው እንኳን አደረሳችሁ ሊሉ ገቡ። በየዓመቱ ዳቦና ለስላሳ ቀምሰው ነው የሚሄዱት፤ ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም፣ ሙስሊም ያረደውን ክርስቲያን አይበላምና። ሁለቱ ወንዶች በዚያ ባቡር ላይ ስንት በረሃ አብረው ሲያቋርጡ ምሳቸውን ሲፈቱ ግን ጀርባ ለጀርባ ይዞራሉ። ማንም ማንንም አልተቀየመም፤ ወጉ ነው።

ኢስማዒል መሶቡን አየ። «ምንድን ነው እሱ?»

«አሳ ነው» አለች የሺአረግ።

«ማን አረደው?»

«ማንም አላረደውም። አሳ ይታረዳል እንዴ? ከውኃው ሲወጣ ነው የሚሞተው።»

የተናገረችው ነገር ለራሷም ያን ጊዜ ነው የገባት። ቢላዋ አልነካውም። ማንም በማንም ስም አላረደውም። ከባሕር የወጣው ለሁሉም ነው የወጣው።

ኢስማዒል ወጣና ከበርሜሉ ውኃ ቀድቶ እጁን ታጠበ። ተመልሶ ከወልደጻድቅ ፊት ለፊት፣ መሶቡ ሥር ቁጭ አለ። እንጀራውን ቆረሰ። እሾሁን በጥንቃቄ ለቅሞ፣ ነጩን ሥጋ በወጡ ጠቅልሎ አነሣ።

«ወልዴ» አለው። «ጀርባህን ስንት ዘመን አየሁት። አቦ፣ ዛሬ እንኳን አፍህን ልየው።»

ወልደጻድቅ ቀስ ብሎ ዞረ። የጓደኛውን እጅ አየ፤ ከጣቱ የሚንጠባጠበውን ቀይ ዘይት አየ። አፉን ከፈተ። አላመጠ። ዓይኑ እንባ ሲሞላ «በርበሬሽ በዛ» ብሎ ሚስቱን ተቆጣት። ከዚያ እሱም ቆረሰና ለኢስማዒል አጎረሰው። ዐስሊ ሻሿን በአፏ ላይ አድርጋ ቆማ ነበር፤ እሷም መጥታ ተቀመጠች።

የሺአረግ ግን አልተቀመጠችም። ቆማ እያየች ነበር፤ አንዴ እጆቹን፣ አንዴ መሶቡን። ወጡ ሲያልቅ ወልደጻድቅ በእንጀራው ጠርዝ ሳሕኑን ጠረገና ቀና አለ።

«የሺ፣ ምን ትጠብቂያለሽ፤ ጨምሪ እንጂ!» አለ በዚያ በድሮ ድምፁ። «እንግዳ አለ።»