የዶን አኒባል ሙጫ

አናጢ የሚባለው የእሳት ራት ሰውን የሚያናድደው ትል ሳለ ግንድ ውስጥ ገብቶ ዛፉን ስለሚቦረቡር ብቻ አይደለም። ክንፍ አውጥቶም ያናድዳል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ ነው። ሚርታ ኦቬሄሮ ቱኩማን ከተማ ሙዚየም ውስጥ ተቀምጣ ዕድሜዋን የፈጀችው አንዱን ግራጫ ከሌላው ግራጫ ስትለይ ነው። ክንፍ አይታመንም፣ ቀለም አይታመንም። የሚታመነው የወንዱ ሆድ ጫፍ ላይ ያለው የመራቢያ አካል ብቻ ነው፤ እሱ ከዝርያ ዝርያ ይለያያል።

የደረቁ የእሳት ራቶች ከተሰኩበት ከዚያ ሁሉ መሳቢያ ውስጥ አንድ ወንድ ለብቻው ነበር። ክንፉ ከተራዎቹ አይለይም፤ የሆዱ ጫፍ ግን ማንንም አይመስልም። የያዙት አስተማሪዋ ዶን አኒባል ናቸው፤ ስለዚህ አዲሱን ዝርያ በእሳቸው ስም ልትሰይመው ዓመታት ለፋች። ሽማግሌው ልባቸው ደክሟል። ዝርያውን የሚያስተዋውቀው ጽሑፍ መጽሔት ላይ ሳይወጣ እንዳይሞቱባት ትሰጋለች። እሳቸውማ በስማቸው ሊጠራ መሆኑን ለመድኃኒት ሻጩም ለዳቦ ጋጋሪውም ለቄሱም አውርተው ጨርሰዋል።

እስካሁን ፀጉሩን ገለጥ አድርጋ ጫፉን ብቻ ነበር የምታየው። ዛሬ ግን የመጽሔቱ አዘጋጆች ጥርት ያለ ፎቶ ስለፈለጉ፣ ፀጉሩና ስቡ እንዲለቅ ሆዱን ነቅላ ሞቅ ያለ ካስቲክ ሶዳ ውስጥ ነከረችው። ትንሽ ቆይቶ ከመገጣጠሚያው ላይ ቢጫ ቀለበት ተላጠ። ሙጫ ነው። ሆዱ የሌላ የእሳት ራት ነው።

ምሳዋን ሳትበላ ወደ ሽማግሌው ቤት ሄደች። ከተማው ሁሉ በሙቀቱ ተኝቷል፤ ዶን አኒባል ግን ግቢያቸው ውስጥ ብርቱካኑ ሥር ተቀምጠው ማቴ የሚሉትን የቅጠል ሻያቸውን በብረት ቧንቧው ይመጠምጣሉ።

«ዶን አኒባል፣ ሆዱን ያጣበቁት እርስዎ ነዎት?»

«የቱን?»

«የእርስዎን። በስምዎ ልጠራው የነበረውን።»

«እ፣ እሱን። አዎ፣ እኔ ነኝ» አሉ ምንም ሳይመስላቸው። «ሆዱን ብል በልቶት ነበር። አገረ ገዥው ሊጎበኙን ሲመጡ ሆድ የሌለው ላሳያቸው ነው እንዴ? ከተሰባበሩት አንዱን አነሳሁና ሆዱን ለጠፍኩለት።»

«ምነው ታዲያ ሳይነግሩኝ?»

«አንቺስ ምነው ሳታይ?» ሳቁ። «ያን ሁሉ ዓመት በማይክሮስኮፕ አፍጥጠሽበት። እንዴት ያለ እጅ ነበረኝ ማለት ነው፣ ሚርቲታ!»

ቆሽቷ አረረ። ልፋቷን ሁሉ ውሃ በላው፣ ሰውየው ደግሞ በሙጫቸው ይኮራሉ።

«ጽሑፉ ቀርቷል» አለች። «ክንፉ የተራው ነው፣ ሆዱ የሌላ። በስምዎ የሚጠራ ዝርያ የለም።»

«የሌላ የማን?»

ይህን ልትነግራቸው አላሰበችም ነበር፤ ንዴቱ ነው ያናገራት። «ከማንም ጋር አይገጥምም። ከሁሉም ጋር አስተያይቼዋለሁ። ከተሰባበሩት ብለው ያነሱት እሱ ነው አዲሱ ዝርያ፤ እጅዎ ላይ ነበር። ክንፉ የት ገባ? የተያዘበት ቦታ የተጻፈበት ወረቀትስ?»

የሽማግሌው ሳቅ ፊታቸው ላይ ትንሽ ቆየና ጠፋ። ማቴውን አግዳሚው ላይ አስቀመጡት።

«ክንፉ ተቦጫጭቆ ነበር» አሉ። «ከነወረቀቱ ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት።»

ሚርታ ልትጮህባቸው ነበር የመጣችው። አሁን ግን ያለ ወረቀቱ፣ ሌላ ለመያዝ እንኳ የትኛው ጫካ እንደምትሄድ አታውቅም።

«የት ነበር የያዝኩት?» አሉ ለራሳቸው። «ኦራን ነው። አይ፣ ኦራን ዝናብ ነበር። ካሊሌጉዋ ይሆን? ከወንዙ ማዶ ያለችው ጫካስ...»

ከእነዚህ ጫካዎች ግማሾቹ ዛሬ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ሆነዋል። ሰውየው ግን ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በዕድሜያቸው የረገጡትን ጫካ ሁሉ አንድ በአንድ በስሙ እየጠሩ ይፈልጉት ጀመር። ሚርታም አጠገባቸው ቁጭ አለች፤ «ይተዉት» ማለት አቃታት።