ጦይባ ሐጅ ልትሄድ ነው

ታናሽ እኅቴ ጦይባ ሐጅ ልትሄድ ነው። ልብ በሉ፣ እኔ አይደለሁም፣ እሷ ናት። ልጆች ሆነን ቁንዝላ ሳለን የቁርኣኑን መክፈቻ፣ ፋቲሃን፣ ቃል በቃል ያስቀራኋት እኔ ነኝ። ዛሬም ለሱብሒ፣ ለንጋቱ ሶላት፣ የምትነሣው ስልክ ደውዬ ስቀሰቅሳት ነው። መካን ስመኝ ሠላሳ ዓመቴ፤ ግን ልጇ ሥራ ያዘና «እማዬን እወስዳታለሁ» አለ። እኔን ማን ይውሰደኝ? ባሌ ሞቷል፣ ልጅ አልወለድሁም። ቅናት ነው ካላችሁኝ፣ አዎ ቅናት ነው። አንጀቴ አርሯል።

በመሄጃዋ ቀን ሐይቅ ዳር እስካለው መስጊድ ድረስ ሸኘኋት። ኡስታዙ ግቢው መሐል አንድ በርሜል በጥቁር ጨርቅ ሸፍነው ካዕባ ነው አሉና ተጓዦቹን ለመጨረሻ ጊዜ ጠዋፍ፣ ሰባት ጊዜ መዞሩን፣ አለማመዷቸው። ጦይባ መሐል ላይ ቁጥሩ ጠፋባት።

«ስንተኛው ነው እትዬ?» አለችኝ።

አራተኛው መሆኑን አውቃለሁ። «እኔ ምን አውቄ!» አልኋት።

ቀጥሎ አፉ መባባል ሆነ። ሐጅ የሚሄድ ሰው የበደለውን ሁሉ «አፉ በለኝ» ብሎ ይቅርታ ሳይቀበል አይነሣም። እኔ ይህችን ሰዓት ስጠብቅ ነው የሰነበትሁት። ቶሎ አፉ አልላትም፤ ደኅና አድርጌ አስለምናታለሁ።

ጦይባ በአጥር የተጣላቻትን ጎረቤቷን ጉልበት ሳመች። የባጃጁን ሹፌር ሳይቀር «ብዙ ቀን አስጠብቄሃለሁ፣ አፉ በለኝ» አለችው። እኔ ዘንድ ስትደርስ ቦርሳዋን ዘረጋችልኝ።

«አውቶቡሱ ድረስ ያዥልኝ እትዬ።»

ደሜ ፈላ። «ለሁሉ አፉ በሉኝ ስትይ እኔን ምነው ዘለልሽኝ? ከባጃጅ ሹፌር አነስሁ?»

አንገቷን ደፋች። «ቪዛዬ ከመጣ ጀምሮ ፊትሽን አይቻለሁ። እምቢ ብትይኝ እንዴት አድርጌ እሄዳለሁ? ፈራሁሽ።»

ወደ አየር ማረፊያ የሚወስዳቸው አውቶቡስ ጥሩምባውን ነፋ። ጦይባ ግን ቦርሳዋ ላይ ቁጭ አለች።

«በይ አሁን ጠየቅሁሽ፤ አፉ በይኝ። ካላልሽኝ አልሄድም።»

ልጇ ከመስኮት «እማዬ!» እያለ ይጣራል። ሰው ሁሉ እኔን ያያል።

«አፉ ብያለሁ፣ ተነሺ!»

«ከልብሽ ነው?»

«ከልቤ ነው» አልኋት።

ዋሸኋት። አቅፋኝ፣ አልቅሳ ተሳፈረች። ከልቤ የሆነው አውቶቡሱ በሐይቁ ዳር ታጥፎ ከዓይኔ ሲሰወር ነው። «አፉ ብያለሁ! ጦይባ፣ አፉ ብያለሁ!» እያልሁ መንገዱ ላይ ጮኽሁ፤ አልሰማችኝም።